ገርዓልታን የሚወጣ የአገሩን ልጅ ይከተል

ከአዲስ አበባ በማለዳ በረራ መቐለ የሚያርፍ መንገደኛ እኩለ ቀን ሳይሞላ ገርዓልታ ተራሮች ሥር መድረስ ይችላል። በአየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ከመቐለ እስከ ሐውዜን ያለው የመኪና መንገድም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውቅሮንና ነጋሽን አልፎ ፍሬወይኒ ላይ ከአዲግራቱ አስፋልት ወደ ግራ ሲታጠፍ የእርሻው ሜዳ ይዘረጋል። ከሜዳው ማዶ ቀያዮቹ የአሸዋ ድንጋይ ተራሮች አንዱ ሹል፣ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ለሁለት የተሰነጠቀ ሆነው ተደርድረው ይታያሉ። መጋብ የምትባለው ትንሽ ከተማ በእነዚህ ተራሮች ግርጌ ትገኛለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪና አለ፣ ስልክ ላይ ካርታ አለ፣ ተራራውም ከሩቅ ይታያል፤ ታዲያ ለአስጎብኚ ገንዘብ ማውጣት ምን ያደርጋል? ይህ ጥያቄ በተለይ ከአገር ውስጥ ጎብኚ አፍ አይጠፋም። አስጎብኚ ለፈረንጅ ነው የሚለው ልማድ ሥር የሰደደ ነው። ገርዓልታ ላይ ግን ልማዱ ጎብኚውንም፣ ከተራሮቹ አለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናትም፣ ሕዝቡንም ይጎዳል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት ለራሱና አብረውት ላሉት ጥቂት ሰዎች የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርጎ ይያዝ። የትግራይ ክልል መንግሥትም ይህን ደንብ ያድርገው።

ለምን እንደሆነ ከድንጋዩ መጀመር ይሻላል። አብዛኞቹ የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ጂኦሎጂስቶች የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ እና የእንጢቾ አሸዋ ድንጋይ በሚሏቸው ንብርብሮች ውስጥ ነው። ለመጀመሪያው ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ብላንፎርድ በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ተጉዞ ያየውን በፈረንጆቹ 1870 አሳትሟል። ሁለቱም ንብርብሮች ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ላሊበላ ከእሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ ሲታነጽ፣ የገርዓልታው ከአሸዋ የተጋገረ ነው፤ ቅላቱንም ያገኘው በውስጡ ካለው ብረት ነው። መሮ ስለሚቀበል መፈልፈሉ ይቻላል፤ ተፈልፍሎም ጣሪያው ሳይወርድ ለዘመናት ይቆማል።

ያው ጠባዩ ድክመቱም ነው። ብዙ እግር የሚረግጠው መወጣጫ እያደር ይሟሽሻል፣ ዝናብ በስንጥቁ ይሰርጋል፣ የረጠበ ገጽም ያንሸራትታል። በየትኛው ወር የትኛው መወጣጫ እንደሚያስተማምን፣ የትኛው ጠርዝ ባለፈው ክረምት እንደተሸረፈ የሚነግር ካርታ የለም። ይህን የሚያውቀው በየሳምንቱ የሚወጣው ሰው ነው።

የገርዓልታ ዕውቀት ከመጀመሪያውም ከአካባቢው የወጣ ነው። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ የውጭ ተመራማሪዎች ስለ ትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚያውቁት እጅግ ጥቂት ነበር። ያን ሁኔታ የለወጡት አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ የተባሉ የካቶሊክ ካህን ናቸው። በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ 123 ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ዘርዝረው አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ አንሺውም፣ የሕንፃ ባለሙያውም፣ የሥዕል ታሪክ አጥኚውም ወደ ትግራይ ተመመ። ሲሄዱም በር የሚከፍትላቸው የአጥቢያው ቄስ፣ መንገድ የሚያሳያቸው የአጥቢያው ልጅ ነበር። በኋላ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰበው “መዝገበ ሥዕላት” የተባለው የፎቶግራፍ ክምችት ዛሬ ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ብዙዎቹን ሥዕሎች እንዲያይ አስችሎታል። እያንዳንዱ ፎቶ የተነሳው ግን ቁልፍ የያዘ አንድ ካህን በሩን ስለከፈተ ነው።

ከሁሉም የሚታወቀው አቡነ ይምዓታ ጉህ ነው። ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ ይምዓታ ስም የሚጠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ቀጥ ብሎ በቆመ አለት ጫፍ ውስጥ የተፈለፈለ ነው። ከግርጌው ተነስቶ አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ ከተጓዙ በኋላ መንገዱ ግድግዳ ላይ ያበቃል። ጫማ የሚወልቀው እዚያ ነው። ቦታው የተቀደሰ ነውና ባዶ እግር የግድ ነው፤ ለመውጣትም ቢሆን ከጫማ ይልቅ ባዶ እግር ድንጋዩን ይዞ ይቆማል።

ግድግዳው ቁመቱ ጥቂት ሜትር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው። በድንጋዩ ላይ ብዙ ትውልድ የረገጣቸው፣ ጣት የሚያስገቡና የእግር ጫፍ የሚያሳርፉ ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ። አስጎብኚው ቀድሞ ይወጣና ወደ ታች እያየ ይመራል። “ግራ እግርዎን እዚህ፤ ቀኝ እጅዎን ከበላይዋ ጉድጓድ ያስገቡ፤ አሁን ሰውነትዎን ወደ ድንጋዩ ያስጠጉ።” ከታች ደግሞ ሌላ የሰፈር ልጅ የወጪውን ተረከዝ ይዞ ትክክለኛው ጉድጓድ ውስጥ ያስገባዋል። ገመድና መታጠቂያ የሚፈልግም ይታሰርለታል። የእግሩን ማረፊያ ማየት የማይችል ሰው ድምፅ ሰምቶ ይወጣል። ድምፁ ካልተረጋጋ ወጪውም አይረጋጋም፤ ለዚህ ነው አስጎብኚው የሚናገረው ቀስ ብሎ የሆነው።

ከግድግዳው በኋላ የምትቀረው ጠባቧ ጠርዝ ናት። ስፋቷ ከአንድ ሜትር አይበልጥም። በአንድ ወገን አለቱ፣ በሌላው ወገን ከ200 ሜትር በላይ የሚወርድ ገደል አለ። እዚህ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መሄድ ስለማይችል አንዱ ሲመለስ ሌላው መጠበቅ አለበት። በዓል ሲሆን የአካባቢው እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ለክርስትና የሚወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ለእነሱ መንገዱ የሰፈራቸው መንገድ ነው። ከከተማ ለመጣ ሰው ግን ያለ ረዳት መሞከሩ ድፍረት አይባልም፤ በራስና ቆሞ በሚያይ ሰው ላይ መከራ መጋበዝ ነው።

በሩ ሲከፈት ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ ቀለሙ ይወጣል። ከጉልላቶቹ በአንደኛው ዘጠኝ ሐዋርያት ክብ ሠርተው፣ በሌላኛው ከተሰዓቱ ቅዱሳን ስምንቱ ተስለዋል። አቡነ ይምዓታም ፈረስ ላይ ተቀምጠው ግድግዳው ላይ ይታያሉ። የአካባቢው ትውፊት ቤተ ክርስቲያኑን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ራሳቸው አቡነ ይምዓታ እንደፈለፈሉት ይናገራል። የሥዕል ታሪክ አጥኚዎች ደግሞ ሥዕሎቹን ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ያቀርቧቸዋል። ጥሩ አስጎብኚ ሁለቱንም ይናገራል። ትውፊቱን በቄሱ ፊት ሳያቃልል፣ የምሁራኑንም ሐሳብ ከጎብኚው ሳይደብቅ ያስረዳል። ይህ ጥበብ ነው፤ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝም አይደለም።

ውስጡ ጠባብ ነው። አሥር ሰው ከገባ አስጎብኚው የሚያሳየውን ለማየት መተፋፈግ ይመጣል፤ የትከሻ ቦርሳም ሥዕሉን መፈተግ ይጀምራል። ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያዝ አስጎብኚ ቅንጦት ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይፈርሳል። በአርባ ሰው አውቶቡስ የሚጎበኝ ቦታ አለ፤ ገርዓልታ ግን ከቦታው ጠባይ የተነሳ ጥቂት ጥቂት ሰው እየሆኑ የሚገቡበት ነው። በየማኅበሩና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ለሚዘጋጀው መንፈሳዊ ጉዞም ይኸው ይሠራል። ብዙ ሕዝብ ይዞ የሚመጣ አስተባባሪ ምእመኑን በትናንሽ ቡድን ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን የአካባቢውን ሰው መድቦ፣ ተራ አስይዞ ቢያወጣ ቦታውም ምእመኑም ይጠበቃል።

ሌላው ዓለም ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ነገር አለው። ቱርክ ውስጥ ካፓዶቅያ የሚባለው አካባቢ በድንጋይ ቅርጾቹና በውስጣቸው በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት የታወቀ ነው። የጎሬሜ ብሔራዊ ፓርክና የካፓዶቅያ የድንጋይ ሥፍራዎች በፈረንጆቹ 1985 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እዚያ የግል አስጎብኚ ይዞ አንድ ቀን መዞር የተለመደ ነው። አገሪቱም በፈረንጆቹ 2012 ባወጣችው ሕግ ያለ ፈቃድ ማስጎብኘትን ከልክላለች። አስጎብኚነት እዚያ ፈተና የሚወሰድበት፣ ፈቃድ የሚሰጥበት፣ ክፍያውም በመንግሥት ደረጃ የሚታወቅ ሙያ ነው።

ካፓዶቅያ ግን አንድ ያጣችው ነገር አላት። በፈረንጆቹ 1923 ግሪክና ቱርክ ሕዝብ ሲለዋወጡ በአካባቢው የነበሩት ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች አገሩን ለቀው ሄዱ። የታወቁት አብያተ ክርስቲያናት ሙዚየም ሆኑ፤ ዘወትር የሚቀደስባቸውም የለም። ዮርዳኖስ ውስጥ በፔትራ ዋሻዎች ይኖሩ የነበሩት ብዱል የተባሉት በደዊኖችም በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ወደ ተሠራላቸው መንደር ተዛውረዋል። ጎብኚው በሁለቱም ቦታዎች የሚያየው ድንቅ ነገር ነው፤ የሚሰማው ግን በአብዛኛው ስለሌሉ ሰዎች ነው።

ገርዓልታ እንዲህ አይደለችም። ቄሱ አሉ፣ ቁልፉ በእጃቸው ነው፣ እሑድ ቅዳሴ አለ፣ የክርስትና ልጅ ይወጣል። ማርያም ቆርቆር በምትባለው ሌላዋ የተራራ ቤተ ክርስቲያን አጠገብም መነኮሳይያት ይኖራሉ። ስለዚህ እዚህ ጎብኚ የሚገባው ሰው ቤት ነው። ሰው ቤት የሚገባ እንግዳ የሚያስተዋውቀው ይፈልጋል። አስጎብኚው ቄሱን በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ጸሎት ላይ ከሆኑ ያስጠብቃል፤ ፎቶ የሚነሳበትንና የማይነሳበትን ይለያል፤ ወደ መቅደሱ ማለፍ እንደማይቻል ሳይቆጣ ይነግራል። ካህኑ ከእርሻ ተጠርተው የሚመጡበት ጊዜ ስላለም በጠዋት ልኮ ያስጠራል። ያለ እሱ የሄደ ሰው ሁለት ሰዓት ወጥቶ ዝግ በር አይቶ ሊመለስ ይችላል።

ገንዘቡስ? ቅሬታው ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው። ጎብኚው ለአስጎብኚ ከፍያለሁ ብሎ ተራራው ጫፍ ሲደርስ የመግቢያ ይጠየቃል፤ ከዚያ ቄሱ አሉ፤ ሲወርድ ደግሞ ተረከዙን ይዘው ያወጡት ልጆች ይጠብቁታል። ሁሉም ይገባቸዋል። የሚያስቀይመው ገንዘቡ ሳይሆን በየደረጃው ሳይታሰብ መምጣቱ ነው። ከአቅም በላይ ተጠየቅን የሚሉ ጎብኚዎች ቅሬታ ተሰምቶ መፍትሔ ሊያገኝ ይገባል፤ አስጎብኚ ያዙ ብሎ የሚመክር ሰው ይህን ችላ ካለ ምክሩ አይሰማም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በመጋብና በሐውዜን ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ የአስጎብኚው የቀን ክፍያ፣ የየቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ፣ የረዳቶቹ ድርሻ በአማርኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ ይለጠፍ። ጎብኚው ጠዋት አንድ ቦታ ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበል፤ ተራራው ላይ ገንዘብ አይቆጠር። የአካባቢው አስጎብኚዎች በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩበት ልምድ ስላለ ከባዶ የሚጀመር ነገር የለም። የአገር ውስጥ ጎብኚ ክፍያ ከውጭው ማነሱ ተገቢ ነው፤ ከእነአካቴው መቅረቱ ግን ተገቢ አይደለም። ወገን ስለሆነ በነፃ ይውጣ ማለት፣ ወገን የሆነው አስጎብኚ በነፃ ይሥራ ማለት ነው።

የመኪና ኪራዩ ወደ መቐለ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ የአውሮፕላኑ ቲኬትም እንደዚሁ። ከጉዞው ወጪ ውስጥ መጋብ ላይ የሚቀረው የአስጎብኚው፣ የረዳቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የምሳው ገንዘብ ነው። ለዚህ ነው ጎብኚ ዋጋ ሲከራከር ከየትኛው ወጪ ላይ እየቀነሰ እንደሆነ ማሰብ ያለበት። ከሁሉም ትንሹን ወጪ ቀንሶ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ የሚያጎድለው ግን ከአንድ ቤት ሙሉ ቀን ገቢ ነው።

እነዚህ ቤቶች ደግሞ ብዙ ያዩ ናቸው። ሐውዜን ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ የገበያ ቀን በሆነው ረቡዕ፣ በአየር ተደብድባ ገበያተኛው ያለቀባት ከተማ ናት። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛውን አስቀረ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ላይ የትግራይ ጦርነት ጀመረ። ሁለት ዓመት ሙሉ አስጎብኚው የሚያስጎበኘው ሰው አልነበረም፤ ከዚያ የባሰ ኀዘን የገባበት ቤትም ብዙ ነው። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወደ መቐለ እንደገና መብረር ጀመረ። በመካከሉ ከሙያው የወጣ፣ የተሰደደ፣ ያልተመለሰ አለ። የቀሩት ዕውቀቱን ይዘው ተቀምጠዋል። ሥራ ካላገኙበት ወደ ተከታዩ ትውልድ አይሻገርም፤ ወጣቱ አባቱ ያልበላበትን ሙያ አይማርም።

ከጦርነቱ በኋላ የሚሄድ ሰው ሌላም ጥቅም ከአስጎብኚው ያገኛል። የክልሉ ሁኔታ ከወር ወር ይለዋወጣል። የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ ነዳጅ መኖር አለመኖሩን፣ የትኛው አካባቢ መግባት እንደማይገባ ጠዋት ደውሎ የሚያረጋግጠው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው። ጎብኚውም ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ይህን መጠየቅ ይገባዋል፤ አስጎብኚው “ዘንድሮ ይቅር” ካለ ደግሞ ማመን ይገባዋል።

አንድ ቀን ምን ይበቃል? ከአዲስ አበባ የሚወጡ አንዳንድ የጉዞ መርሐ ግብሮች በአንድ ቀን አራትና አምስት አብያተ ክርስቲያናት ይደረድራሉ። ይህ ወረቀት ላይ ያምራል፤ እግር ላይ ግን አይሆንም። አንድ ከፍ ያለ ተራራና አንድ ለመንገድ የቀረበ ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ቀን ይበቃል። ከተራራዎቹ አቡነ ይምዓታ ጉህን የፈለገ ጉህን፣ ወይም ማርያም ቆርቆርንና ጎረቤቷን ዳንኤል ቆርቆርን ይምረጥ። ማርያም ቆርቆር ውስጧ ሰፊ ነው፤ መንገዱም ጡንቻ ቢፈልግም እንደ ጉህ ግድግዳ አያስፈራም። በእጅ መቆንጠጥ የማይሆንለት ሰው እዚያ ይሂድ። አስጎብኚው መኪናው ዘንድ ሳለ የሰውየውን ጉልበት፣ ዕድሜና ፍርሃት አይቶ ይህን ይወስናል። ተጓዡ “ምንም አልልም” ቢልም እንኳ የአስጎብኚው ዓይን ቢታመን ይሻላል።

ለመንገድ ከቀረቡት ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ ከሁሉም ይመረጣል። ከውቅሮ በስተምዕራብ፣ ወደ ገርዓልታ በሚወስደው ሌላው መንገድ ላይ ነው። ጉልበት የደከማቸው አባቶችና እናቶች ጥቂት ደረጃ ወጥተው በሰፊው ቅኔ ማኅሌት ውስጥ መቆም ይችላሉ። ከውጭ አገር ልጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ቤተሰቦችም፣ አያት ታች ቀርተው የልጅ ልጅ ብቻ የሚወጣበት ቀን እንዳይሆን፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን ሁሉንም ያሰባስባል።

መንደሩም ቢሆን መታየት ያለበት ነው። አብርሃ ወአጽብሃ በድርቅ ተመትቶ ነዋሪው ሊነሳ ይታሰብ የነበረ ቀበሌ ነው። ሕዝቡ ሸለቆውን በክትር አጥሮ፣ ተራራውን በእርከን ከልሎ፣ ልቅ ግጦሽን ከልክሎ የከርሰ ምድሩን ውኃ መልሶ አመጣ። በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማትን የሰጠው ለዚህ ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ሰው ይህን አያይም። የጉድጓዱን ውኃ፣ የፍራፍሬውን ማሳ፣ የንቡን ቀፎ እያሳየ “ይህ ሁሉ ደረቅ ነበር” የሚለው የመንደሩ ሰው ነው።

ወደ መቐለ በሚመለሱበት ጊዜም መንገዱ ባዶ አይደለም። ከውቅሮ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነጋሽ አለች፤ ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ያረፉባት ተብላ የምትከበር፣ መስጊዷም በጦርነቱ ጉዳት የደረሰበት። ውቅሮ ከተማ ጠርዝ ላይ ጨርቆስ ቤተ ክርስቲያን ከአለቱ ወጥቶ ቆሟል። ከውቅሮ አጠገብም በ2000 ዓ.ም. መቃብር ጋዕዋ በሚባል ቦታ ለአልመቃህ አምላክ የቆመ ቤተ መቅደስና ጽሑፍ የተቀረጸበት መሠዊያ ተገኝቷል። ክርስትና ከመግባቱ በፊት የነበረው እምነት፣ ክርስትናውና እስልምናው በአንድ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ የሚገናኙበት አገር ብዙ የለም። ክሩን አያይዞ የሚተርክ ሰው ከሌለ ግን ሦስቱም የመኪና ማቆሚያ ብቻ ሆነው ያልፋሉ።

አስጎብኚዎቹም ሊያሻሽሉት የሚገባ ነገር አለ። ሸምድዶ እንደ ውዳሴ መድገም ጎብኚን ያሰለቻል፤ ጥያቄ ሲመጣም ያስደነግጣል። ሥዕሎቹን በብልጭታ ፎቶ ማንሳትን፣ በጣት መንካትን፣ በቦርሳ መደገፍን ሳያፍር የሚከለክል አስጎብኚ ያስፈልጋል። ገንዘብ የሚከፍለውን እንግዳ መገሠጽ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ደንቡ የአስጎብኚው የግል ቁጣ ሳይሆን ከመግቢያው ላይ የተጻፈ ሕግ ይሁን። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ፣ የቅርስና የጂኦሎጂ ምሁራን በዓመት ጥቂት ሳምንታት ሐውዜን ላይ ለአስጎብኚዎች ሥልጠና ቢሰጡ ሁለቱም ወገኖች ይማማራሉ፤ አስጎብኚው ለምሁሩ የሚነግረው ብዙ አለውና። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመድን ዋስትና ያስፈልጋቸዋል። የሌላውን ሕይወት በእጁ ይዞ ገደል አፍ ላይ የሚቆም ሰው እግሩ ቢሰበር ቤተሰቡ ምን ይበላል?

ደንብ ይውጣ ሲባል አዲስ ነገር እየተጠየቀ አይደለም። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ሰው ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ ስካውት ይዞ ነው የሚገባው። ጎብኚው ይህን ለምዶታል፤ ማንም በክብሬ መጡብኝ አላለም። ለዋልያና ለጭላዳ የተደረገ ጥንቃቄ ለተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትና ለሥዕሎቻቸው የማይደረግበት ምክንያት የለም። የአዲስ አበባ የጉዞ ድርጅቶችም የራሳቸውን አስጎብኚ ይዘው መጥተው የመጋቡን ልጅ ታች የሚተዉበት አሠራር መቆም አለበት። የእነሱ ባለሙያ የአገሩን ታሪክ ይተርክ፤ በተራራው ላይ ግን መሪው የአካባቢው ሰው ይሁን።

ኢትዮጵያ “የትግራይ ቅዱሳት መልክዓ ምድሮች” በሚል ስም ይህን አካባቢ በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ ጊዜያዊ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ አስገብታለች። ጊዜያዊ መዝገብ ወረፋ ነው፤ ዋናው ምዝገባ ሲመጣ አገሪቱ ቅርሱን እንዴት እንደምትጠብቅና እንደምታስተዳድር ትጠየቃለች። ማን፣ በስንት፣ ስንት ሆኖ፣ ከማን ጋር እንደሚወጣ የማይታወቅበት ተራራ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አይሆንም። የተመዘገቡ፣ የሠለጠኑ፣ ዋስትና ያላቸው አስጎብኚዎች፣ የተለጠፈ ዋጋና በቁጥር የተወሰነ ጎብኚ ያለው ገርዓልታ ግን መልሱን ከወዲሁ ይዞ ይቀርባል።

የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የክረምቱ ዝናብ አልፎ ድንጋዩ ደርቆ የጉዞው ወቅት ከመግባቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ይፈጽም፦ ዋጋውን ይለጥፍ፣ ለአስጎብኚዎቹና ለረዳቶቻቸው ዋስትና ይግባ፣ ያለ አካባቢው አስጎብኚ መውጣትን ይከልክል። ለመሄድ ያሰበ አንባቢም ደንቡ እስኪወጣ አይጠብቅ። ሁኔታውን አጣርቶ፣ አንድ ተራራ መርጦ፣ መጋብ ላይ አስጎብኚ ይዞ፣ ሒሳቡን ጠዋት ተነጋግሮ ጨርሶ ይውጣ።